«ይመታል» ወይስ «ይመታል»? የአንዲት የድሬዳዋ መምህርት የእረፍት ሳምንት

ለምን ተጻፈ

ይህ የጉዳይ ጥናት ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት 6ኛ ክፍል አማርኛ ስለምታስተምር መምህርት ነው። በሴሚስተር እረፍቱ አንድ ሳምንት ሦስት ነገር ተደራረበባት። ቀን ቀን የመምህራን ስልጠና ነበረባት። ማታ ማታ ከአንድ አማተር የቲያትር ቡድን ጋር ትለማመድ ነበር። በመሃል ደግሞ መምህራን ክፍል ውስጥ ሁሉም የሚያወራለትን መጽሐፍ ይዛለች፤ እሱ ግን ገጽ በገጽ አበሸቃት።

እኔ በዚያው ትምህርት ቤት የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ሥራ አስተባብራለሁ። ሲፒዲ የምንለውን ማለት ነው። መመሪያው አንድ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለሙያው ያውል ይላል። እኛም ሰዓቱን ፖርትፎሊዮ በሚባለው የመምህሩ የሥራ ማኅደር ላይ እንመዘግባለን። የስልጠናው ሰዓት ቅጹ ላይ ቦታ አለው። የልምምዱ ሰዓት ቦታ የለውም። ከእረፍት መልስ ክፍሏ ውስጥ የታየውን ለውጥ ስከታተል ግን አብዛኛው ነገር የሚመዘዘው ቅጹ ላይ ቦታ ከሌለው ሰዓት ነው። ስለዚህ ነገሩ ሳይረሳ ላስቀምጠው ብዬ ነው። ስም አልጠቀስኩም። መምህርቷ ረቂቁን አይታ ፈቅዳለች።

ትምህርት ቤቱና ልጆቹ

ድሬዳዋ ምድር ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ የበቀለች ከተማ ናት። ደቻቱ የሚባለው አሸዋማ ወንዝ ለሁለት ይከፍላታል። አንድ ወገን ከዚራ ነው፤ ቀጥ ያለ መንገድ፣ ዛፍ፣ ጥላ። ሌላው ወገን መጋላ ነው፤ ገበያ፣ ጠባብ ቅያስ፣ ጫጫታ። ትምህርት ቤቱ በመጋላው በኩል ነው።

ልጆቹ ቤታቸው ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛ ወይም ሐረሪ ይናገራሉ። ውጭ ሲወጡ ሁሉንም ይቀላቅሉታል። ኳስ ላይ በአንዱ ይሰዳደባሉ፣ በሌላው ይታረቃሉ፣ ከዚያ ለቲቸር በአማርኛ ይከሳሉ። ክፍሉ ውስጥ ከሃምሳ በላይ ልጅ አለ። ሦስት ለአንድ ወንበር ነው። መጽሐፍ ለሁሉም አይደርስም።

ችግሩ

ልጆቹ ጮክ ብለው ማንበብ ይችላሉ። ቢያንስ ይመስላል። አንዱ ይነሳል፣ ምንባቡን ይጀምራል፣ በአንድ ዜማ ይወርድበታል። አራት ነጥብ ቢኖርም ባይኖርም የሚቆመው ትንፋሹ ያለቀበት ቦታ ነው። ሲጨርስ «እና ምን ሆነ?» ትለዋለች። ልጁ መልሶ ገጹን ያያል። ከዚያ ከጥያቄው ጋር የሚመሳሰል ቃል ያለበትን ዓረፍተ ነገር ፈልጎ እንዳለ ያነብላታል። መልሱ አንዳንዴ ትክክል ነው። ልጁ ግን አልገባውም።

እዚህ ላይ የአማርኛ ጽሕፈት አንድ ጠባይ አለ። ፊደላችን አናባቢውን ከነተነባቢው ስለሚይዝ ገበታውን የለየ ልጅ ማንኛውንም ቃል መጥራት ይችላል። ጥብቀትና ልላት ግን አይጻፍም። «ገና» ሲላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው፤ ሲጠብቅ በዓሉ ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። የቱ እንደሆነ የሚነግረን ዙሪያው ያለው ሐሳብ ነው። ስለዚህ አንድ ልጅ በትክክል ጮክ ብሎ ለማንበብ ቀድሞ ሊገባው ይገባል። በቁቤ፣ ማለትም ኦሮምኛ በሚጻፍበት የላቲን ፊደል፣ ሆነ በሶማሊኛው የላቲን ጽሕፈት የሚጠብቀው ድምፅ በድርብ ፊደል ይጻፋል። ቁቤ የቀመሱ የእኛ ልጆች ወደ አማርኛ ሲመጡ ያንን ምልክት ያጡታል። ብዙ ጊዜ «አማርኛው ደካማ ነው» የምንለው ልጅ ችግሩ ይኸው ብቻ ነው።

ሌላም ችግር ነበር፣ የባሰ። ጭራሹን የማያነቡ ልጆች ነበሩ። እነሱ ግን አይታዩም ነበር። ሁሉም በአንድ ድምፅ ሲያነብ አፋቸው አብሮ ይንቀሳቀሳል። ነገሩ የእኛ ትምህርት ቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገር ደረጃ በተደረገው የዝቅተኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ልጆች 34 ከመቶው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከዚያ በኋላ አማርኛን ጨምሮ በሰባት ቋንቋዎች የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍት እንደ አዲስ ተዘጋጁ። መጽሐፍ ተቀየረ ማለት ግን ያልተነበበው ሁሉ ተነበበ ማለት አይደለም። ሳያነቡ ያለፉ ልጆች ከክፍል ክፍል እየተሻገሩ ይመጣሉ።

ስልጠናው

ስልጠናው የጉድኝት ማዕከሉ ነበር፤ ክላስተር የምንለው፣ የተጎራበቱ ትምህርት ቤቶች ስብስብ ማለት ነው። አዳራሽ፣ ፕሮጀክተር፣ ፍሊፕ ቻርት፣ ውኃ በላስቲክ። አሠልጣኙ ከሌላ ከተማ የመጣ ትሁት ሰው ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያለፉት ስለ ትምህርት ጥራትና ስለ አሳታፊ ዘዴ ስላይድ በማንበብ ነው። አሳታፊ ዘዴን አራት ሰዓት ቁጭ ብሎ መስማት ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል።

መርሐ ግብሩ ከምሳ በኋላ ከ8 እስከ 11 ሰዓት ሌላ ክፍለ ጊዜ ነበረው። ይህን ያወጣው ሰው ድሬን አያውቃትም። እዚህ ከቀትር በኋላ ሱቅ ይዘጋል፣ መንገዱ ጭር ይላል፣ ግማሹ ይተኛል፣ ግማሹ ጫቱን ይዞ ይቀመጣል። ጥር ላይ ሙቀቱን ሰበብ ማድረግ አይቻልም፤ ልማዱ ግን ወር አይመርጥም። አበሉ በፊርማ ስለሆነ ሰው 8 ሰዓት ላይ መጥቶ ይፈርማል። ከሩብ ሰዓት በኋላ ግማሹ ላሽ ብሏል። አሠልጣኙ ለቀሩት ያስተምራል። ከቀሩት አንዷ የእኛዋ መምህርት ናት። እሷም ብትሆን ጭኗ ላይ መጽሐፍ ዘርግታ ነበር።

ከሳምንቱ ሁሉ እንቅልፍ ያባረረው በአራተኛው ቀን የተደረገ ነገር ነው። ከሌላ ክላስተር የመጣች የ2ኛ ክፍል መምህርት ተነስታ የምትሠራውን አሳየች። አንድ ልጅ ፊቷ ታስቀምጣለች። አጭር ምንባብ ትሰጠዋለች፤ እሷም ኮፒውን ትይዛለች። ስልኳ ላይ አንድ ደቂቃ ትሞላለች። ልጁ የሳተውን ቃል በእርሳስ ሰረዝ ታደርጋለች። የመጀመሪያውን መስመር ሙሉ በሙሉ ከሳተ «ጎበዝ፣ በቃ» ብላ ወረቀቱን ታነሳለታለች፤ አታስጨንቀውም። ከዚያ ስላነበበው ነገር በቃል ትጠይቀዋለች። ይኸው ነው። ሃያ ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም።

አንድ ሰው በእንግሊዝኛ በደቂቃ ይህን ያህል ቃል ይነበባል የሚል ቁጥር አምጥቶ ሊከራከር ሞከረ። እሷም «እስኪመጡልን» የሚለውን ጻፈችለት። በእኛ አንድ ቃል ነው፤ በሌላው ቋንቋ ዓረፍተ ነገር ሊሆን ምንም አይቀረው። ስለዚህ የሰው ቁጥር አትዋሱ፣ ልጁን ከራሱ ካለፈው ወር ጋር አወዳድሩት አለች። ብዙዎቹ ይህ ለሕፃናት ክፍል ነው ብለው አለፉት። የእኛዋ ግን ምንባቡን በስልኳ ፎቶ አነሳችው።

ልምምዱ

የቲያትር ቡድኑ ከዚራ ውስጥ በአንድ የቀበሌ አዳራሽ ነው የሚለማመደው። ማንም የሚከፈለው የለም። ነርስ አለች፣ የባጃጅ ሹፌር አለ፣ ሁለት የኮሌጅ ተማሪዎች አሉ። አዘጋጁ ከምድር ባቡር ጡረታ የወጡ አዛውንት ናቸው። ፈረንሳይኛቸው የሐዲድና የዎርክሾፕ ፈረንሳይኛ ነው፤ ሲናደዱ ይወጣል። ወጣቶቹ «ጋሼ» ብለው ይጀምሩና «አንተ እኮ» ብለው ይቀጥላሉ። የድሬ ሰው አንቱታ ላይ ብዙ አይጨነቅም።

ተውኔቱ ራሳቸው የጻፉት ቀልድ ነው። አከራይ፣ ተከራይና ደላላ። መምህርቷ አከራይዋን ትጫወታለች።

አዛውንቱ አንድ ደንብ አላቸው። መጀመሪያ ላይ ማንም አይነሳም። ወንበር ዙሪያውን ተደርድሮ ይነበባል ብቻ። አንድ ሰው ቃለ ተውኔቱን እንዳነበበ ያስቆሙታል። «ለማን ነው የተናገርከው?» ይሉታል። «ከሱ ምን ፈልገህ ነው?» ይሉታል። መልስ ከሌለው እንደገና ያነባል።

አንድ ምሽት የባጃጁ ሹፌር ተራ ደረሰ። እሱ የተከራዩ አባት ነው። ትምህርት ያቋረጠው ልጅ ሆኖ ነው፤ ጣቱን ከፊደሉ ሥር እያስኬደ ነው የሚያነበው። ወረቀቱ ላይ «ዛሬ ቤት ከመጣ ይመታል!» ይላል። አባት በልጁ ላይ የሚዝተው ዛቻ ነው። ሹፌሩ «ይመታል»ን አላልቶ አነበበው። ልጁ መጥቶ ሰው ሊመታ ነው ማለት ነው። አጠገቡ እናት ሆና የምትጫወተው ነርስ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳብ አደረገች።

«አቦ!» አሉ አዛውንቱ። «ማን ነው ማንን የሚመታው? ልጁ አባቱን ሊደበድብ ነው እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ሹፌሩ ወረቀቱን አቅርቦ አየው፣ አርቆ አየው። «ወላሂ እዚህ ላይ አልተጻፈማ!» አለ።

እውነቱን ነው። አልተጻፈም። አዛውንቱም አልተከራከሩትም። «አንተ አባት ነህ። ተናደሃል። ለሚስትህ ነው የምትነግራት። በል ንገራት» አሉት። ሹፌሩ ወረቀቱን ዝቅ አድርጎ ወደ ነርሷ ዞረ። አሁን ጠብቆ ወጣ። ማንም ስለ ጥብቀትና ልላት አላስተማረውም።

መምህርቷ ለእኔ ስትነግረኝ ያን ጊዜ የመጣባት የክፍሏ የኋላ ወንበር ነው። ልጆቿ የሚያነቡት ለማንም አይደለም። የሚያነቡት እስኪያልቅ ነው።

ሌላም ነገር አየች። አንድ ማታ በመሃል መብራት ሄደ። ስልክ እስኪበራ ድረስ ልምምዱ አልቆመም። ሹፌሩም አልቆመም። ጨለማ ውስጥ የራሱን ክፍል አንድም ሳይስት ተናገረ። ሁሉም አጨበጨበለት። ይህ ነገር በኋላ ክፍል ውስጥ ሌላ መልክ ይዞ ይመጣል።

መጽሐፉ

ስሙን አልጠራውም፤ ደራሲው ክፉ ሐሳብ የለውም። ስለ መምህርነት የተጻፈ ወፈር ያለ መጽሐፍ ነው። ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የመምህራን ንባብ ቡድናችን ለሳምንቱ መጨረሻ የመረጠው እሱን ነበር።

ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው መምህር ሻማ ነው። እየቀለጠ ያበራል። ቀጥሎ መምህር አባት ነው፣ ከዚያ ችግኝ ተካይ ነው፣ ከዚያ ተመልሶ ሻማ ነው። አንድ ክፍል የለም። አንድ ልጅ የለም። ሃምሳ ልጅና ሃያ መጽሐፍ ይዞ የገባ ሰው የለም። እኔ ራሴ ግማሹን አንብቤ ለጓደኛዬ ሰጠሁት፤ እሱም እስካሁን አልመለሰውም፣ እኔም አልጠየቅሁትም። እሷ ግን ብር ወጥቶበታል ብላ እስከ መጨረሻው ታገለችው።

ውይይቱ ላይ የአዛውንቱን ጥያቄ ይዛ መጣች። አንድ ገጽ መርጣ ጮክ ብላ አነበበችና «ይህ ለማን ነው የሚናገረው?» አለች። ዝም ተባለ። መጽሐፉን ያመጣው ባልደረባችን ተቀየመ። «አንቺ ደግሞ ቲያትር አበዛሽ» አላት። ውይይቱ እዚያው ፈረሰ። የንባብ ቡድኑም ከዚያ በኋላ ለጊዜው አልተሰበሰበም። ይህ ኪሳራ ነው፤ ልሸፋፍነው አልፈልግም።

ትርፍም ነበረው። ያንኑ ጥያቄ ይዛ የ6ኛ ክፍሉን መጽሐፍ ከፈተች። ብዙዎቹ ምንባቦች ውስጥ ማንም ለማንም አይናገርም። ስለ ንጽሕና ይዘረዝራሉ፣ ስለ ዛፍ ጥቅም ይዘረዝራሉ። እንዲህ ያለ ምንባብ ወንበር ዙሪያ ተቀምጦ መለማመድ አይቻልም። አባት የለበት፣ ልጅ የለበት።

ክፍል ውስጥ የተደረገው

ትምህርት ሲከፈት መጀመሪያ ያደረገችው ንግግር ያለበት ምንባብ መምረጥ ነው። ልጆቹን በስድስት በስድስት አስቀመጠች። መነሳት የለም፣ ልብስ የለም፣ ጭብጨባ የለም። እያንዳንዱ ልጅ የአንድ ሰው ንግግር ይይዛል። ከእያንዳንዱ ንባብ በኋላ ጥያቄው ሁለት ነው፤ ለማን ነው? ምን ፈልጎ ነው? መልሱ ካልተስማማ ቡድኑ ይከራከርና እንደገና ይነበባል። አንድ ገጽ በአንድ ክፍለ ጊዜ ብዙ ጊዜ ይመላለሳል፤ ማንም ሰልችቶኛል አላለም። በፊት ምንባቡን ሁለቴ አንብቡ ስትላቸው ያጉረመርሙ ነበር።

የጥብቀቱን ነገር የፈታላት ድቁና የተማረ የሒሳብ መምህራችን ነው። በድሮው የቤተ ክህነት ትምህርት የሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ትንሽ «ጥ»፣ ለሚላላው ደግሞ «ላ» ይጻፍ እንደነበር ነገራት። እሷም ለልጆቹ እርሳስ ሰጠች። ሁሉም ቃል ላይ ሳይሆን ሁለት ዓይነት ሊነበብ የሚችለው ላይ ብቻ ምልክት አድርጉ አለቻቸው። ምልክቱን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። እዚህ ላይ ነው ቁቤ የሚያውቁት ልጆች የነቁት። «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ሁለቴ የሚጻፈው ነው!» አለ አንዱ። ደካማ የሚባሉት ልጆች ለአንድ ሳምንት ያህል የክፍሉ አዋቂዎች ሆኑ። ከሁሉም ይበልጥ ደስ ያለኝ ይህ ነው።

ቀጥላ ተረት ከቤት አምጡ አለች። በየትኛውም ቋንቋ ሰምተው በአማርኛ ንግግር አድርገው እንዲጽፉት። የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔትም የተነሳው ከእንስሳት ተረት ነው። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የፈረንሳዊውን የላ ፎንቴንን ተረቶች መሠረት አድርገው ነው የጻፉት። እሳቸው ደግሞ የጨርጨር ገዥ የነበሩ፣ የእኛው አካባቢ ታሪክ ውስጥ ያሉ ሰው ናቸው። ይህን ለልጆቹ ነግራቸዋለች፤ ብዙም አልገረማቸውም። የገረማቸው የጅብ ተረት ትምህርት ቤት ውስጥ መፈቀዱ ነው።

አንዲት ልጅ ከሶማሌ አያቷ የሰማችውን አመጣች። አንበሳና አራዊቱ ሥጋ ያገኛሉ። አንበሳ ጅብን አካፍል ይለዋል። ጅብ ግማሹ ለአንበሳ፣ ግማሹ ለሌሎቻችን ይላል። አንበሳ በጥፊ ሲለው ዓይኑ ይጠፋል። ቀጥሎ ቀበሮ ታካፍላለች፤ ሁሉንም ለአንበሳ። «እንዲህ ማካፈል ማን አስተማረሽ?» ሲላት «የጅብ ዓይን» ትላለች። ክፍሉ ይህን ተረት ወደደው። አንዱ አንበሳ «በደንብ ያላካፈለ ይመታል!» የሚለውን አላልቶ ሲያነብ ጅቡ «እንግዲያው እኔ ነኝ የምመታው» ብሎ እጁን አነሳ። መምህርቷ ማረም አላስፈለጋትም።

ያልሠራው

አንደኛ፣ ደፋሮቹ አንበሳውን ያዙት። ዓይናፋሮቹ ዛፍ ሆኑ፣ ሕዝብ ሆኑ፣ አንድ ቃል ያለው ወፍ ሆኑ። በጎ ፈቃድ ሲባል ሁሌም እንዲህ ነው። ለያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ሁለት ልጅ መድባ፣ በየቀኑ እያቀያየረች ነው ያስተካከለችው። ጫጫታው ግን ጨመረ፤ የጎረቤት ክፍል መምህር ሁለት ጊዜ መጥቶ በሩን አንኳኩቷል።

ሁለተኛው ከባድ ነው። ከክፍሉ ሁሉ የተዋጣለት ጅብ የነበረ አንድ ልጅ አለ። ድምፁ፣ ዓይኑ፣ አካሄዱ፤ ሰው ሁሉ እሱን ለማየት ይጠብቃል። አንድ ቀን መምህርቷ ያንኑ ንግግር ቅደም ተከተሉን አዘበራርቃ በሌላ ወረቀት ሰጠችው። ልጁ ወረቀቱን ተቀበለ። ጣቱን የመጀመሪያው መስመር ላይ አደረገ። ከዚያ የጅቡን ንግግር ከመጀመሪያው ጀምሮ፣ እንደተለማመደው፣ በሚያምር ድምፅ ወረደበት። ጣቱም እኩል ይሄዳል። ጣቱ ያለበት ቦታ የተጻፈው ግን የቀበሮዋ ንግግር ነው።

በጆሮው ነው የያዘው። ጨለማ ውስጥ እንደተናገረው እንደ ባጃጁ ሹፌር። ሹፌሩ ግን ቀስ ብሎም ቢሆን ያነባል፤ ይህ ልጅ አያነብም።

ያኔ ነው ያቺ የአራተኛው ቀን የአንድ ደቂቃ ምዘና ዋጋ ያገኘችው። የጠረጠረቻቸውን ልጆች ብቻ አንድ በአንድ ጠርታ አዲስ ምንባብ ሰጠቻቸው። አንዳንዶቹ የመጀመሪያውን መስመር አላለፉም። በልምምዱ ጎበዝ የሚባሉ ነበሩበት። ልምምዱ ብቻውን ቢቀጥል እነዚህ ልጆች ከበፊቱ በባሰ ይደበቁ ነበር።

ያደረገችው ይህን ነው። ከሰልፍ በፊት ጠዋት ጠዋት ትንሽ ቡድን አበጀች። ፊደል ከሀ አልጀመረችም። ልጁ በቃሉ የሚያውቀውን የጅቡን ንግግር በወረቀት ቁራጭ ላይ አንድ አንድ ቃል አድርጋ ጻፈችለት። ቁራጮቹን በትና «እስቲ ንግግርህን ሰብስብ» አለችው። የሚፈልገውን ቃል ያውቀዋል፤ ማግኘት ብቻ ነው የቀረው። «ዓይኔን!» የሚለውን ፈልጎ ያገኘ ቀን ወረቀቱን ኪሱ ከቶ ቤቱ ወሰደው። ከዚያ ከታወቁት ቃላት ፊደሎቹን እየነጠለች ወደ አዲስ ቃል ሄደች። ልጁ አሁን አጭር ዓረፍተ ነገር ያነባል፤ ቀስ ብሎ። ሁለት ልጆች ግን ምንም ፈቀቅ አላሉም። አንዱ ሰሌዳው የደበዘዘበት ይመስላል፤ ዓይኑ እንዲታይ ቤተሰቡን ጠይቀናል።

የወላጅ ነገርም ነበር። አንድ አባት መጣ። «ለትምህርት ላክሁት እንጂ ለቲያትር አይደለም፤ ፈተናው ደርሷል» አላት። የ6ኛ ክፍል ፈተና መኖሩን እሷም አልረሳችም። የልጁን ደብተር ከፍታ የፊቱንና የአሁኑን ጽሑፍ አሳየችው። ሰውየው አልተዋጠለትም፤ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ልጁን እንዳታቆየው ተስማምተው ተለያዩ። ትክክል ነው ብዬ አስባለሁ፤ ልጁ ማታ ሱቅ ውስጥ ያግዛል።

ዋጋም አስከፍሏል። ከመማሪያ መጽሐፉ ወደ ኋላ ቀርታለች። ርዕሰ መምህሩ የዓመቱን ዕቅድ ይዞ ጠይቋታል። ዝርዝር የሆኑትን ምንባቦች ልጆቹ ቤታቸው እንዲያነቡ ሰጥታ ነው ያካካሰችው፤ መጽሐፍ የሌለው ልጅ ምን እንዳደረገ መገመት አያቅትም።

ሌላ ትምህርት ቤት ቢሞክረው

ይህን የሰማ አንድ የሌላ ትምህርት ቤት መምህር ወዲያው ሞክሮታል። የወላጆች ቀን ላይ ልጆቹን ቆዳ አልብሶ፣ ጭራ ሰክቶ የጅቡን ተረት አቀረበ። ቪዲዮውን አይቼዋለሁ፤ ያምራል። ወረቀት የያዘ ልጅ ግን አላየሁም። ሥራው ያለው ወንበር ላይ በሚነበብበት ጊዜ ነው። መድረኩ ቢቀርም ምንም አይጎድልም። የእኛዋ ክፍል እስካሁን ለማንም አላሳየም።

ልምምድና ምዘና አብረው ካልሄዱ መጀመሩ ይቅር። ልምምዱ ለልጆቹ ደጋግሞ የሚያነቡበት ምክንያት ይሰጣል፤ ማን እንደማያነብ ግን ይሸፍናል። ምዘናው ደረቅ ነው፤ ያንን ግን ያጋልጣል። መስመር ማዘበራረቁ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ ወረቀትና መቀስ ይበቃል። ሁሉንም ልጅ መመዘን አያስፈልግም፤ መምህሩ የሚጠረጥራቸውን ያውቃቸዋል።

የ«ጥ» ምልክት ለልጁ ተሠርቶ ከተሰጠው ጥቅሙ ይጠፋል። እሱ ራሱ ሲወስን ነው የሚያስበው። ድሬ፣ ሐረር፣ ጅግጅጋ፣ ቁቤና ሶማሊኛ የሚያነቡ ልጆች ባሉበት ሁሉ መጀመሪያ እነሱን መጠየቅ ይሻላል። የእኛ ክፍል ውስጥ ነገሩን ለሌሎቹ ያስረዱት እነሱ ናቸው።

መጽሐፍ ለንባብ ቡድን የሚመርጥ ሰው ደግሞ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያንብብና ይምረጥ። ከተመረጠ በኋላ ግማሽ ላይ ማቆም እንደሚቻል አስቀድሞ ይነገር። የእኛ ቡድን ጸብ ውስጥ የገባው መጽሐፉ መጥፎ ስለሆነ ሳይሆን ያልወደደው ሰው የሚናገርበት መንገድ ስላልነበረ ነው።

የልምምዱን ሰዓት በተመለከተ ከሱፐርቫይዘራችን ጋር ተነጋግረናል። የማታውን ሰዓት እንዳለ መመዝገብ አይቻልም አለ። ክፍል ውስጥ ያደረገችውን ግን ተግባራዊ ምርምር ብላ ብትጽፈው ይያዝላታል። እየጻፈች ነው። ስልጠናውም ለሚቀጥለው ዓመት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት እንዲሆን፣ ከስላይዱ ተቀንሶ ያቺ የ2ኛ ክፍል መምህርት ሙሉ ቀን እንድትሰጥ በጽሑፍ ጠይቀናል። መልስ አልመጣም።